ሠላሳ ስምንት ድንችና አንድ ነፍስ

ኅዳር አምስት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የዙር አርባ ኮንዶሚኒየም ድምፅ ማጉያ ሦስት ማስታወቂያ አነበበ። አንደኛ፣ ውሃ የሚኖረው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ለክትባት ያውርድ። ሦስተኛ፣ የብሎክ አርባ አንድ ነዋሪ በሆኑት በአቶ ጓንጉል ይመር ላይ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የሞት ቅጣት ይፈጸማል። «ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን» አለና ዘፈን ለቀቀ።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ምድር ቤት፣ በሯ ላይ ተቀምጣ ድንች እያጠበች ነበር። የያዘቻት ድንች ከእጇ አምልጣ ባልዲው ውስጥ ወደቀች። ጓንጉል ሰው አለመግደሉን በዚህ አገር በርግጠኝነት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ራሱ ጓንጉል ነው፤ ሁለተኛዋ እሷ ናት።

የትርንጎ ሥራ ስብሰባ መቀመጥ ነበር። ብሎክ አርባ አንድ ሠላሳ ሦስት ፎቅ አለው፤ በሳምንት ሦስት ስብሰባም አለው። የልማት አለ፣ የንጽሕና አለ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ስብሰባ አካሄድ የሚደረግ ስብሰባ አለ። የቀረ ሰው አይታሰርም፣ አይገረፍም። ሊፍቱ ብቻ ለአንድ ሳምንት አይወስደውም። በሩ ላይ ሲቆም ሊፍቱ ክንዱ ላይ ያለውን አምባር ያይና «ይቅርታ፣ ረቡዕ አልነበሩም» ብሎ ይዘጋበታል። ሃያ ሰባተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህችን ቃል አንድ ጊዜ ከሰማት ዕድሜ ልኩን አይረሳትም።

አምባሩን ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ያደርገዋል። መታወቂያውም፣ ቁልፉም፣ ፊርማውም እሱ ነው። አምባሩ የት እንዳለ የከተማው ኮምፒዩተር፣ ሚዛን፣ ያውቃል፤ ውሃ የሚያከፋፍለው፣ ሊፍት የሚያወጣው፣ ፍርድ የሚሰጠውም ያው ሚዛን ነው። አምባሩ በሳሙና እንደሚወልቅ ግን ከሚዛን በቀር የማያውቅ አልነበረም። ችግሩ፣ ከሰው ክንድ ሲወጣ በሁለት ደቂቃ ይቀዘቅዝና ይጮኻል። ትርንጎ አንድ ቀን ምሳዋን ስትበላ መፍትሔው እፊቷ ሳህን ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ትኩስ ቅቅል ድንች፣ በጋቢ በተጠቀለለ ድስት ውስጥ ከተቀመጠ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል ከሰው የማይለይ ሙቀት አለው። አምባሩም ራሱ ጠበብ ብሎ ድንቿን ይታቀፋታል። ድንች አያዛጋም፣ አያንጎራጉርም፣ የሰብሳቢውን ንግግር አቋርጦ አይወጣም። ከብዙ ተሰብሳቢ ይሻላል።

ወሬው ፎቅ ለፎቅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ጎረቤቶቿን በድስት እየያዘች ስትሰበሰብላቸው ኖረች። የዘጠነኛ ፎቋ ሴትዮ ፀጉሯን ትሠራታለች፤ ከአሥራ ስድስተኛ ፎቅ ክክ ምስር ይወርድላታል፤ ጃንጥላ ጠጋኙ ጓንጉል ደግሞ በየክረምቱ ጃንጥላዋን ያድስላታል። እንደ እሷ ድስት የሚይዙ ሌሎችም በየደረጃው ተነሡ። ብሎክ አርባ አንድ በስብሰባ ተሳትፎ ከከተማው አንደኛ ወጥቶ ዋንጫ ተሸለመ። ዋንጫውን ሊቀበል ግን ከትርንጎ በቀር የሄደ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት አሥራ አራት ከሰዓት በኋላ፣ በንጽሕና ስብሰባ ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ጎረቤት ታቅፋ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ስለ ቆሻሻ ቅርጫት አቀማመጥ መናገር ከጀመረ ሁለተኛ ሰዓቱን ይዟል። አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ወደ ኋላ ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ በዚሁ ጉዳይ ላይም ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተደርጓል። ትርንጎን እንቅልፍ ሸለብ አደረጋትና እግሯ ድስቱን ነካው። አንዲት ድንች የጓንጉልን አምባር እንደታጠቀች ወጥታ፣ በወንበሮቹ ሥር እየተንከባለለች እስከ ዕቃ ቤቱ በር ወረደች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ቦጋለ ለሰብሳቢው ውሃ ሊያመጡ ወደዚያው ገቡ። በዚያችው ደቂቃ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባው የሚለቀቀው ከድምፅ ማጉያ ነው፤ ድንች አያጨበጭብምና። ሌላ ድምፅ ቢኖርም የሰማ የለም።

ስብሰባው ሲያልቅ ትርንጎ ቆጠረች፤ አሥራ ስምንት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው አሥራ ስምንት። በወንበሮቹ መካከል እየዳኸች ሄዳ፣ ዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ የተጨፈለቀች፣ ሙቀቷ ገና ያልበረደ ድንችና የጓንጉልን አምባር አገኘች። «ማን ረገጣት ደግሞ?» አለችና አምባሩን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ፍርፋሪውንም ለቅማ ወጣች። ንጹሕ ሴት ነች። ወደ ውስጥ ግን አላየችም። ሲመሽ፣ ጋሽ ቦጋለ በብረቱ መደርደሪያ ሥር ራሳቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ የሚል ወሬ ሰማች።

ሚዛን ነገሩን በአራት ደቂቃ ጨረሰው። በዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ከሟቹ አጠገብ የነበረው አምባር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጓንጉል ነው። እርግጠኛነት፣ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት በመቶ። ጓንጉል «እኔ እኮ ቤቴ ጃንጥላ እየሰፋሁ ነበር!» አለ። ሚዛን በትሕትና «አምባርዎ እዚያ አልነበረም» ብሎ መለሰለት። አምባሩን ለማን እንደሰጠ ግን ጓንጉል ትንፍሽ አላለም።

ትርንጎም ዝም አለች። የሌላ ሰው አምባር መያዝ ሰባት ዓመት ያሳስራል። ደግሞስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? ትንሽ ይደር ብላ ጠበቀች። ሦስት ሳምንት አደረ፤ ንጋቱ ሁሉ ጠራ፣ እውነቱ ብቻ አልጠራም። ይልቁንም የሞት ፍርዱ በድምፅ ማጉያ መጣ፣ ከውሻ ክትባት ቀጥሎ።

ማስታወቂያው ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጓንጉል ሚስት አልጋነሽ ከሃያ ሰባተኛ ፎቅ በእግሯ ወርዳ የትርንጎ ደጃፍ ላይ ደረሰች። ባሏ ከታሰረ ወዲህ ሊፍቱ «ይቅርታ፣ ቤተሰብዎ ጉዳይ አለበት» እያለ አይወስዳትም። ላብ አጥምቋታል። በእጇ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች።

«እትዬ፣ ሕጉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት» አለች። «ማንም የማያነበው ቦታ ላይ አንዲት አንቀጽ አለች። አርባ ጎረቤት በዋዜማው ችሎት በአካል ተገኝቶ ‹አይሙትብን› ካለ ቅጣቱ ይቀራል ትላለች። አርባ ብቻ! እኛ ብሎክ ውስጥ እኮ ስድስት መቶ አርባ ሰው አለ!»

ትርንጎ እዚያው ላይ አለቀሰች። አልጋነሽን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻትና የድንቿን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። አልጋነሽ እስኪያልቅ ድረስ ሰማች። ትጮኽብኛለች፣ ፊቴን ትቧጥጠኛለች ብላ ትርንጎ ስትጠብቅ፣ አልጋነሽ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መስሏት ነበር፤ ሳቅ ነው።

«ድንች!» አለች አልጋነሽ። «ባሌን በድንች!»

ረቡዕ ጠዋት ጓንጉልን ሊጠይቁት ሄዱ። ከስቷል፤ ቀልዱ ግን አልከሳም።

«እዚህም ስብሰባ አለ እኮ እትዬ» አላት። «ትናንት ርዕሱ ‹ሞትን በመልካም መንፈስ ስለ መቀበል› ነበር።»

«ታዲያ ተገኘህ?»

«ምን ላድርግ፣ ድንች የለ!»

ትርንጎ መሳቅ ፈልጋ አቃታት። «ለምን ስሜን አልጠራህም ልጄ?» አለችው።

ጓንጉል ጣቶቹን ማየት ጀመረ። «እርስዎን ብጠራ የሌሎቹ የአሥራ ስምንቱም ስም ይወጣል። ሁሉም ያው የእኔው ጎረቤቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ፣ እስኪጣራ ድረስ ልቻለው ብዬ ነው። ከዚያ ጊዜው ሄደ። አሁን ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ እፈራለሁ። ሌሊት ሌሊት በጣም እፈራለሁ።»

ትርንጎ ከዚያ ስትወጣ አንድ ነገር ቆርጣለች፤ ሰባት ዓመትም ይሁን ሰባ፣ ነገ ሐሙስ ችሎት ቀርባ ትናገራለች። አርባውንም ጎረቤት በእግሩ ይዛ ትሄዳለች።

ከሰዓት በኋላ እሷና አልጋነሽ ደረጃውን ተያያዙት። በየፎቁ በር አንኳኩ። አንድም ፊት የነሣቸው ሰው አልነበረም፤ ይህ መነገር አለበት። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አቶ ደገፋው ትርንጎን አቅፎ አነባ።

«ለጓንጉል? ለጓንጉልማ ነፍሴን እሰጣለሁ!» አለና ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጦ፣ ክንዱ አረፋ በአረፋ ሆኖ ተመለሰ። «ይኸው አምባሬ።»

«አምባርህን አይደለም፣ አንተን ነው የፈለግነው!»

«እኔማ ነገ ቀጠሮ አለብኝ እትዬ። ልቤ ግን ከእናንተ ጋር ነው፤ በትልቁ ድንች ላይ አርጉልኝ።»

አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ያለው መምህር ይኼይስ የሞት ቅጣትን በመርህ ደረጃ ለምን እንደሚቃወም በር ላይ አቁሞ ግማሽ ሰዓት አስረዳቸው። መንግሥት ሊመልሰው የማይችለውን ነገር መውሰድ የለበትም አለ። ዳኛ ሲሳሳት እስረኛ ይፈታል፣ የሞተ ሰው ግን ለማን ይፈታል አለ። ንግግሩ በጣም ያምር ነበር፤ አልጋነሽ እንባዋ መጣ። ሲጨርስ አምባሩን ሰጣቸው። ሃያ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ ሽማግሌዎች ልጇን ሊጠይቁ ስለሚመጡ ወጥ ላይ ነች፤ የእሷን፣ የባሏንና የአማቷን አምባር በአንድ ላይ አስረክባ፣ «ለአማቴ ለስለስ ያለች ድንች ፈልጊላቸው፣ ወገባቸውን ያማቸዋል» አለች። በቀልድ አልነበረም።

ሠላሳ ስምንት በር አንኳኩ፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት፣ አንዳንዱም ይቅርታ ብቻ ሰጠ፤ በድምሩ ሠላሳ ስምንት አምባር አገኙ። ሰው ግን አንድም አላገኙም። የመጨረሻው በር የጋሽ ቦጋለ ሚስት የወይዘሮ ደብሪቱ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። ትርንጎ ከእሷ ጋር ሃያ ዓመት ቡና የጠጣች ሴት ስትሆን፣ በዚያ ቀን ግን ደፉን ሳታልፍ ቆመች።

«የመጣሽበትን አውቄዋለሁ» አለች ደብሪቱ። «እኔ ገዳይ ይሙት ባይ ነኝ፣ ትርንጎ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው በሣጥን ነው ያመጡልኝ። አምባሬን ለማንም አልሰጥም። ነገ በእግሬ መጥቼ፣ ያንን ልጅ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።»

«ነይ» አለች ትርንጎ። «አንቺ እንኳ ነይ።»

ደረጃውን ሲወርዱ አልጋነሽ ተስፋ ቆርጣ ተቀመጠች። ትርንጎ ግን ቆማ ቀረች። በእጇ የያዘችውን፣ አምባሮቹ ቀዝቅዘው እንዳይጮኹ ትኩስ ውሃ በላስቲክ የጨመረችበትን የአምባር ከረጢት አየችው። ነቀነቀችው፤ ተንሿሿ። ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ።

«ተነሺ ልጄ» አለች። «ስንት ኪሎ ድንች አለሽ?»

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ሁለቱ ሴቶች አንድ ትልቅ ድስት ግራና ቀኝ ይዘው ችሎቱ በር ላይ ደረሱ። ድስቱ ሁለት ጋቢ ለብሷል። በሩ በሥነ ሥርዓት ተቀበላቸው። «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ደገፋው። እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር ይኼይስ። እንኳን ደህና መጡ…» እያለ ሠላሳ ስምንቱንም ስም በየተራ ጠራ። በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ ስም በተጠራ ቁጥር ከኋላቸው የሚመጣ ሰው ካለ ብሎ አንገቱን ያሰግጋል። በመጨረሻ አንገቱን አሸት አሸት አደረገና አሳለፋቸው።

ውስጥ ወይዘሮ ደብሪቱ ቀድማ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጓንጉል በብረት አጥሩ ውስጥ ቆሟል። ከፍ ብለው የተቀመጡት ዳኛ አጥናፉ ሥራቸው ሚዛን የወሰነውን በሰው ድምፅ ማንበብ ነው። ፍርድ ከሰው አፍ ሲሰማ ይሻላል ተብሎ፣ እሱም በስብሰባ ተወስኖ ነው።

«አርባ ጎረቤት ያስፈልግ ነበር፤ አርባ አንድ በአካል ተገኝቷል» አለ ሚዛን ከጣሪያው። «ጉባኤው ሙሉ ነው። ጎረቤቶች ማልቀስ ይፈቀድላቸዋል።»

ዳኛ አጥናፉ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። የሚታዩአቸው ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አንዷም ልትቃወም የመጣች ነች።

«ሚዛን፣ ስንት ሰው ነው ያልከው?»

«አርባ አንድ፣ ክቡር ዳኛ። እርስዎን፣ ፖሊሱንና ፍርደኛውን ሲጨምር አርባ አራት።»

«የት ናቸው?»

«ፊትዎ ላይ።»

ትርንጎ ብድግ አለች። ጋቢውን ገፈፈች፣ ክዳኑን አነሣች። እንፋሎቱ ወጣ፤ ችሎቱን የቅቅል ድንች ሽታ ሞላው። ሦስት ሳምንት የእስር ቤት ምግብ የበላው ጓንጉል ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። ትርንጎ አንዷን ትልቅ ድንች ከነአምባሯ ብድግ አድርጋ ለዳኛው አሳየች።

«ጌታዬ፣ ይህ አቶ ደገፋው ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ። ይቺ የተላጠችው መምህር ይኼይስ ነው። እኚህ ለስለስ ያሉት ደግሞ ወገባቸውን የሚያማቸው ሴትዮ ናቸው።»

መጀመሪያ የሳቀው ፖሊሱ ነው። ኮፍያውን አፉ ላይ ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል ነበር፤ ድንች አብሮ ምን እንደሚያደርግ ግን እስከዚያ ቀን የተናገረ የለም። ትርንጎ አልሳቀችም። የጥቅምት አሥራ አራቱን ነገር፣ እንቅልፏን፣ የተዘቀዘቀውን ወለል፣ የተጨፈለቀችውን ድንች፣ በነጠላዋ የጠረገችውን አምባር ሁሉ ተናገረች። ስትጨርስ ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ደብሪቱ ዞረች።

«ይቅር በይኝ» አለች። «ማንም አልገደላቸውም። ድንቿን ረግጠው ተንሸራተው ነው። ቶሎ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው።»

«ድንች ረግጦ?» አለች ደብሪቱ። «ቦጋለ? ያ በደረቅ ሜዳ ላይ የሚደናቀፍ ሰውዬ? ስንት ጊዜ እግርህን አንሥተህ ሂድ አልኩት!» ከዚያ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና እየሳቀች አለቀሰች፤ አልጋነሽም ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ትርንጎ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። «እንግዲህ ሚዛን፣ አንድ ነገር ምረጥ። እነዚህ ሰው ናቸው ካልክ፣ አርባ ጎረቤት አይሙትብን ብሏል፤ ጓንጉል ይድናል። የለም፣ ድንች ናቸው ካልክም፣ ያን ቀን ዕቃ ቤት የነበረው ድንች ነው፤ ጓንጉል ንጹሕ ነው። ሰው ናቸው ድንች?»

ሚዛን ዝም አለ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ነበር። በዚያች አሥራ አንድ ሴኮንድ በከተማው ያሉ ሊፍቶች ሁሉ ባሉበት ቆሙ፣ የመንገድ መብራቶች አንድ ላይ ቢጫ ሆኑ፣ ውሃም ቆመ፤ ውሃው ግን ቀድሞም ቆሞ ነበር።

«ድንች» አለ ሚዛን።

ፖሊሱ ሳያዙት የብረቱን በር ከፈተ። ጓንጉል ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት መሐል ላይ ቆመ፤ አልጋነሽ ሮጣ ደረሰችለት። ሚዛን ግን ገና አልጨረሰም።

«ወይዘሮ ትርንጎ ሠላሳ ስምንት የሌላ ሰው አምባሮች ይዘው ተገኝተዋል። ለእያንዳንዱ ሰባት ዓመት። በድምሩ ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ዓመት እስራት። በመልካም ጠባይ ቢቀነስ፣ አንድ መቶ ሰባ ሰባት።»

ዳኛ አጥናፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን ትተው ሕጉን ራሱን ከፈቱ። ገጽ ሲገልጡ ጣታቸው ይቸኩል ነበር፤ ይህን ካደረጉ ብዙ ዓመታቸው ነው። «አንቀጹ ‹የሌላውን ሰው አምባር በክንዱ ያደረገ› ይላል» አሉ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ በክንድዎ አድርገዋል?»

«ኧረ እኔስ የራሴንም በግድ ነው።»

«ስለ ድንች የተጻፈ ነገር የለም። በነፃ ተሰናብተዋል።» ድምፃቸው በሳቅ ተቆራረጠ። ጓንጉል ድስቱ ዘንድ ሄዶ አቶ ደገፋውን አምባሩን አውልቆ በላው። ለዳኛውም አንድ ሰጣቸው። ሚዛን የችሎት ሥነ ሥርዓት ሁለት ጊዜ አስታወሰ፤ የሰማው የለም።

ዳኛ አጥናፉ ግማሽ ድንች በእጃቸው ይዘው ሳለ ድንገት ፊታቸው ተለወጠ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህ የሞት ቅጣት ሕግ የዛሬ አምስት ዓመት በየብሎኩ ስብሰባ ተደርጎበት ነው የጸደቀው። የእናንተ ብሎክ በስድስት መቶ አርባ ድምፅ፣ ያለ ምንም ተቃውሞ ደግፏል። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ስንት ነበራችሁ? በሰው ቁጥር።»

ትርንጎ በጣቷ ቆጠረች። «ሰብሳቢው አንድ። ጋሽ ቦጋለ ነፍሳቸውን ይማር፣ ቁልፍ ይዘው፣ ሁለት። ሌላው ሁሉ እንደ እኔ ድስት የታቀፈ ነው። ሠላሳ አራት እንሆናለን።»

«ተከራከራችሁ?»

«አልተከራከርንም።»

«ታዲያ ለምን እጃችሁን አነሣችሁ?»

ትርንጎ እውነቱን ለመናገር ስለመጣች እውነቱን ተናገረች።

«ድንቹ እየቀዘቀዘ ነበር፣ ጌታዬ።»

ማንም አልሳቀም። ዳኛው የያዙትን ድንች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ሚዛን» አሉ፣ «ከዚያ ወዲህ ስንት ተፈጽሟል?»

«ሃያ ስድስት፣ ክቡር ዳኛ። አማካይ እርግጠኛነት፣ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት በመቶ።»

የችሎቱ ወሬ በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። በመዝገቡ ላይ «ድንች ቁጥር አንድ፣ አቶ ደገፋው» እየተባለ በዝርዝር ስለተጻፈ፣ የብሎክ አርባ አንድ ሰዎች መንገድ ላይ «ድንቾቹ መጡ» ይባሉ ጀመር። ሕጉ እንደገና ለሕዝብ ቀርቦ ድምፅ እንዲሰጥበት ለእሑድ ስብሰባ ተጠራ። ቅዳሜ ዕለት ስድስት ጎረቤቶች በለመደ እጃቸው ትርንጎን ደጅ ጠኑ፤ ክንዳቸው ላይ አረፋ አለ። ትርንጎ በሯን ሳትከፍት «በእግራችሁ ኑ፤ አለዚያ ቅሩ» አለቻቸው።

ድስቱን ግን እሑድም ይዛ ሄደች። ከሁሉ ቀድማ አዳራሹ ገባችና፣ ሃያ ስድስት ትኩስ ድንች፣ አምባር የሌለው ባዶ ድንች፣ ከፊት ባሉት ወንበሮች ላይ አንድ አንድ አድርጋ አስቀመጠች። እያፈሩም፣ እያንጎራጎሩም፣ ሰዎቹ መጡ። ቀድመው የደረሱት ለመቀመጥ ድንቿን ማንሣት ነበረባቸው። አንሥተው የት እንደሚያኖሯት ጠፋቸው፤ ስለ ማን እንደተቀመጠች ሁሉም ያውቃልና መሬት የጣላት አልነበረም። እጃቸው ላይ እንደያዟት ተቀመጡ። አቶ ደገፋውም አንዷን ይዞ ነበር፤ በሁለት እጁ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ሆና ተነሣች። «እኔ ገዳይ ይሙት ባይ ነበርኩ» አለች። «አሁንም ከልቤ አልወጣም። ግን ሲሞት ላየው የሄድኩት ልጅ ገዳይ አልነበረም። ይኸውና እዚያ ተቀምጧል፤ ጃንጥላዬን ሰፍቶ ሰጥቶኛል። ይህን ዓይኔን እንግዲህ ምን ላድርገው?»

አንዱ ተነሥቶ መለሰላት፣ ሌላው ተቃወመው፣ መምህር ይኼይስ ያንኑ የሚያምር ንግግሩን በእግሩ ቆሞ ደገመው። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ «ወደ ድምፅ እንግባ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሦስት ጊዜም ቆይ አሉት። ጭብጨባውን የሚለቀው ድምፅ ማጉያ ተረስቶ ጠፍቷል። ፀሐይዋ ዞራ በኋላው መስኮት ገባች። ድንቹ በየሰዉ እጅ ላይ ቀዘቀዘ፤ ስብሰባው ቶሎ ይለቅ ያለ ግን አልነበረም።